ረጅሟን የዳርንበት እሑድ

ጣሊያን ከተማችንን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ሦስት ልጃገረዶች ሆነን ኮልፌ ወንዝ ዳር ልብስ እናጥብ ነበር። ልብሱ የሚመጣው ከወንዙ ማዶ ካለው የወታደር ሰፈር ነው፤ እኛ «ካምቦ» እንለዋለን። ወደን የያዝነው ሥራ አልነበረም። አባቴ ከከፋ ማር እያስመጣ የሚነግድ ሰው ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ ቤት ዋለ። የሁለተኛዋ፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ አባት ደግሞ ሙስሊም የቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ የእሳቸውም ንግድ እንደ አባቴ ቀዝቅዞ ነበር። የሦስተኛዋ ጓደኛችን ከሁለታችንም የባሰ ነው። አባቷ በየካቲቱ እልቂት ከቤት እንደወጡ ቀሩ። እናቷ ሬሳ ሲገለባብጡ ከርመው ሳያገኟቸው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ልብሳቸውን አላወለቁም።

ይህቺን ጓደኛችንን «ረጅሟ» እንላታለን። እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለች፣ ስትሄድ ጎንበስ የምትል፣ ቁመቷ የሚያሳፍራት ልጅ ነበረች። የቆዳ ነጋዴው ልጅ በአንጻሩ አጭርና ፈጣን ናት፤ አፏ አያርፍም። እኔ በሁለቱ መሃል ነኝ፤ በቁመትም፣ በወሬም።

ሳምንቱን ሙሉ ወገባችን እስኪቆረጥ እንጎነብሳለን። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ግን የእኛ ነበር። የደረቀውን ካኪ አጣጥፈን ለአለቃችን ለካቦው አስረክበን ስንመለስ ወንዙ ዳር ካለው ጠፍጣፋ አለት ላይ እግራችንን ዘርግተን እንቀመጥና የእሑድን ነገር እናነሳለን። ከሳምንቱ ሁሉ የምወደው ያንን ሰዓት ነበር። የነጋዴው ልጅ ሁልጊዜ ሩቅ ታስባለች። ጣሊያኖች አዲስ ገበያ እየተከሉ ነው ስለተባለ ሄደን እንየው ትላለች። ረጅሟ ከጫካው ወዲያ አጋም ደርሷል፣ እሱን እንልቀም ትላለች። እኔ ሹሩባ የሚሠራኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ የነጋዴው ልጅ እጇ ይፈጥናል ግን ጸጉር ትነጫለች፤ ረጅሟ ቀስ ብላ ስለምትሠራ ግማሹ ሳያልቅ ይመሻል። በዚህ እንከራከራለን። አንዳንዴ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉ እንከፋፈላለን፤ አንዷ ቆሎ፣ አንዷ ዳቦ።

እሑድ ሲመጣ ግን አንዷን እናቷ ትይዛታለች፣ አንዷን ዝናብ ያስቀራታል፣ ወይም ኬላ ላይ የቆመው ወታደር ሦስታችንንም ይመልሰናል። ያን አዲስ ገበያ ስንቴ ልናየው እንደተነሳን አላስታውስም። ሳናየው ግን የት በኩል ከቆላ የመጣ ጥጥ እንዳለ፣ የት በኩል ድስት እንደሚሸጥ እናውቅ ነበር፤ የነጋዴው ልጅ ከአባቷ እየሰማች ጨምራ ታወራልን ነበርና።

ጨዋታችን ሁሉ መጨረሻው ዘፈን ነው። የነጋዴው ልጅ ግጥም ትገጥማለች፤ የምናጥበው ሱሪ ትልቅ ከሆነ ለባለ ሱሪው፣ ሳሙናው ካለቀ ለሳሙናው ትገጥምለታለች። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ባዶ የላምባ ቆርቆሮ ደፍቼ እመታለሁ። ረጅሟ ታፏጫለች።

ፉጨቷን እንዴት ብዬ ላስረዳ? የትኛውንም ዜማ አንዴ ከሰማች ይበቃታል። ካምቦው ውስጥ መኮንኖቹ በሸክላ የሚያጫውቱት የጣሊያን ዘፈን አየሩ ሲረጋ እኛ ድረስ ይሰማል። ቃሉን አናውቀውም። እሷ ግን ማግስቱን ከነመንቀጥቀጡ ታፏጨዋለች፤ ሸክላው ሲንኳኳ የሚያሰማውን ድምፅ እንኳ አትተውም። እናቷ ሴት ልጅ አታፏጭም፣ ፉጨት ሰይጣን ይጠራል እያሉ ይቆጧት ስለነበር ቤት ውስጥ አፏን ዘግታ ትውላለች። ወንዝ ስትወርድ ነው የምትተነፍሰው።

አንድ ቅዳሜ የነጋዴው ልጅ መጀመሪያ የምናስታውሰውን ዘፈን እንድንናገር አዘዘችን። እሷ ራሷ የአያቷን መንዙማ ነገረችን፤ አያቷ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ ጉልበታቸውን እየመቱ የሚሉትን። እኔ የማስታውሰው አባቴ ማሩን ከቅሉ ሲያወጣ በአገሩ ቋንቋ የሚያንጎራጉረውን ነው። ቋንቋውን ስላላስተማረን ትርጉሙን አላውቅም። አንዴ ብጠይቀው ንብን የሚያባብል ዘፈን ነው አለኝ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስለ አንዲት ልጅ ነው አለኝ። ረጅሟ ተራዋ ሲደርስ አባቷ እንጨት ሲፈልጡ የሚያወጡት ዜማ እንደነበር፣ በየመሃሉ መጥረቢያው ሲያርፍ ዜማው እንደሚቆረጥ ነገረችን። ከዚያ አፏጨችው። የነጋዴው ልጅ ያን ዕለት ግጥም አልጨመረችበትም።

አናጢው የመጣው በዚያ ፉጨት ነው። ካምቦው አጠገብ ሳንቃ የሚሰነጥቅ፣ ለጣሊያኖቹ በርና መስኮት የሚሠራ ዘነበወርቅ በኩል የሚኖር ወጣት ነበር። ከወንዙ በኩል የሚሰማው ፉጨት ሲያስደንቀው ከርሞ አንድ ቀን መጋዙን ጥሎ ወረደ። ከልቡ ወንድ መስሎት ነበር። እንዲያውም አብረን እንሥራ ሊለው እንዳሰበ በኋላ ነግሮናል። ቁልቁለቱን ሲጨርስ ያየው ግን ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ የቆመች፣ ቀሚሷን ያሸረጠች ረጅም ልጅ ነው። ረጅሟ ስታየው ፉጨቷ አፏ ላይ ቀረ። እሱም ቆሞ ቆሞ፣ የመጣበትን ረስቶ ውሃው ይቀዘቅዛል ወይ ብሎ ጠየቃት። የነጋዴው ልጅ በሳቅ ወንዙ ውስጥ ልትወድቅ ደርሳ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ምክንያት እየፈለገ ይመጣል። አንዴ ልብስ መውቂያ ዱላ ጠርቦ አመጣልን፤ አንዴ ለእኔ ቆርቆሮ መምቻ ሁለት ለስላሳ እንጨት። ለረጅሟ ምንም አላመጣም፤ ያፍራት ነበር። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሽማግሌ ላከ። እናቷ ብዙም አላስቸገሩም፤ አባት የሌላት ልጅ በዚያ ክፉ ዘመን ወታደር ከሚርመሰመስበት ወንዝ ወጥታ ቤት ብትይዝ ይመርጡ ነበር። ያስቀመጡት ውል አንድ ብቻ ነው፤ ዘፈን የለም፣ ከበሮ የለም፣ ዳስ የለም። ሙሽራው ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር እሑድ ይመጣል፣ ይዟት ይሄዳል።

ይህን ረጅሟ ቅዳሜ አለቱ ላይ ተቀምጣ ነገረችን። አላለቀሰችም። እናቷ እውነት እንዳላቸው፣ አባቷ ሳይለቀስላቸው እልልታ ቢሰማ ደግ እንዳልሆነ፣ ደግሞም ሰው ሲሰበሰብ ጣሊያኖቹ እንደሚጠረጥሩ እያስረዳች ነበር። ለእኛ ሳይሆን ለራሷ የምታስረዳ ትመስላለች። ለሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ያለን ዕቅድ ያ ብቻ ሆነ፤ ሄደን ስትወጣ እናያታለን።

የነጋዴው ልጅ መንገዱን ሁሉ ዝም ብላ ሄደች። እሷ ዝም ስትል እፈራለሁ። በራቸው ጋ ስንደርስ ቆመችና አባቷን እንደምታነጋግር ነገረችኝ።  

አባቷ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ የማይለያቸው፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያምናቸው ስለማይዋሹ ነው፤ ቆዳው ነቀዝ ከነካው ገዢው ሳይጠይቃቸው ይናገራሉ። የልጃቸውን ነገር ሰምተው ማግስቱን ከሚስታቸው ጋር ወደ ረጅሟ ቤት ሲሄዱ እኛም ከኋላ ተከተልን። እናትየው በር ላይ ተቀበሏቸውና መደብ ላይ አስቀመጧቸው። እኛ ሦስታችን ጓዳ ሆነን እንሰማለን።

ነጋዴው ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው ሲያበቁ ወደ ነገሩ ገቡ። የዕለቱን ዝግጅት በእሳቸው ግቢ እንዲያደርጉት ጠየቁ። ጣሊያኖቹ በዚያ ጊዜ ሙስሊሞችን ለማባበል ይሞክሩ ስለነበር በእሳቸው ቤት መንዙማ ሲባል፣ ከበሮ ሲመታ የመጣ ወታደር አልነበረም። ይህን ሲናገሩ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ነገሩ የሚያኮራቸው አይመስልም።

«ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ እናትየው። «ግን የኔ ባል ሳይለቀስለት እኔ እልል አልልም።»

ነጋዴው ቆባቸውን አስተካከሉ። «እርስዎ እልል አይበሉ፣ እህቴ። ያልቅሱ፤ የሚከለክልዎ የለም። ልጆቹ ግን ይዝፈኑላት። እሷ ምን አጠፋች?»

 ረጅሟ እጄን ይዛኝ ነበር፤ አጥብቃ ስለያዘችኝ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። በመጨረሻ የሰማነው የእናትየውን ልቅሶ ነው። የነጋዴው ሚስት ተነስተው አጠገባቸው ሄደው ተቀመጡ። ሁለቱ ሴቶች አብረው ብዙ አለቀሱ። ሲያበቁ ስለ ምግቡ መነጋገር ጀመሩ። የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ስለማይገናኝ ሥጋ እንዳይኖር ተስማሙ። ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ይሁን አሉ። አባቴ ከቀረችው ማር ሰጠ።

በዚያ ሳምንት ውስጥ የታጠበው ካኪ በደንብ የጸዳ አይመስለኝም። የነጋዴው ልጅ ሥራውን ትታ ግጥም ትደረድራለች፤ እኔ በአናጢው እንጨቶች አለቱን እመታለሁ። ረጅሟ እንዳትሰማ እየተንሾካሾክን ስለነበር እሷ ደግሞ የተቀየምናት መስሏት ሁለት ቀን አኮረፈችን።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ በነጋዴው ግቢ ቆዳ የሚሰጣበት ቦታ ተጠርጎ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ትንሽ ዳስ ተጥሎ አገኘነው። የቆዳው ሽታ ግን አልለቀቀም፤ ቅጠሉም ሊያሸንፈው አልቻለም። ሰው ብዙ አልነበረም። ጥቂት ጎረቤት፣ የነጋዴው ዘመዶች፣ አባቴና እናቴ። እናትየው ጥቁራቸውን ለብሰው ከግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ረጅሟን የነጋዴው ሚስት የራሳቸውን የሐር ሻሽ አሰሯት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጎነብስ ስትሄድ አየኋት፤ ሻሹ እንዳይወድቅባት ፈርታ ነው።

ከበሮው የመንዙማ ከበሮ ነበር፤ ከላምባ ቆርቆሮ ለመጣች ሴት እጅግ ከበደኝ። መጀመሪያ ስመታው ድምፁ አስደነገጠኝ። የነጋዴው ልጅ ግን ጊዜ አልሰጠችኝም። ሙሽራው ከሽማግሌዎቹ ጋር ከበር ሲገባ ተቀበለችው፤

አናጢው መጋዙን ጥሎ የሮጠልሽ፣
ወንድ ነው ብሎ ነበር ያን ዕለት ሲሰማሽ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሙሽራው ጆሮው ድረስ ቀላ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛው ታሪኩን ስላልሰሙ የምን ወንድ ነው እያሉ ይጠይቃሉ፤ ሌላው ያስረዷቸዋል፤ ሳቁ ከዳር ዳር ሄደ። ወደ ግድግዳው ሥር ተመለከትኩ። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነዋል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ግን እየሳቁ እንደሆነ አየሁ።

ምግቡ ቀርቦ፣ ዘፈኑ ደምቆ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ጣሊያን ወታደሮችና አንድ አስተርጓሚ ነበሩ። አስተርጓሚው ያገር ሰው ነው፤ ካኪ ኮት ደርቦ በትር ይዟል። እጄ ከበሮው ላይ ቀረ። አንድ ሕፃን ሲያለቅስ እናቱ አፉን ያዘችው። ነጋዴው ከተቀመጡበት ተነስተው ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ። ምንም ሳይቸኩሉ ሰላምታ ሰጡ።

አስተርጓሚው የማን ድግስ እንደሆነ ጠየቀ።

«የልጄ» አሉ ነጋዴው። «ልጄን እየዳርኩ ነው።»

የትኛዋ እንደሆነች ጠየቀ። ነጋዴው ዞረው ወደ ዳሱ መጡ። ልጃቸው ከረጅሟ ጎን ተቀምጣለች። እጃቸውን የዘረጉት ለረጅሟ ነበር። ይዘዋት ወደ በሩ ሄዱ። ከእሳቸው በግማሽ ክንድ ትበልጣለች። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ሻሹ ከኋላ ዝቅ ብሎ አንገቷ ላይ ያለው ጥቁር ማተብ ይታያል። እኔ ካየሁት፣ አስተርጓሚውም ማየቱ አይቀርም።

አየው። ዓይኑ ማተቡ ላይ አረፈና ወደ ነጋዴው ነጭ ቆብ ሄደ፤ ተመልሶም ማተቡን አየ። ነጋዴው ዓይናቸውን አልሰበሩም፤ እጇንም አልለቀቁም። ከወታደሮቹ አንደኛው በጣሊያንኛ አንድ ነገር ጠየቀ። አስተርጓሚው ቆየት ብሎ መለሰለት። የሰማሁት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ካምቦ አካባቢ ስለምንውል የማውቀው ቃል፤ «ፊሊያ»፣ ልጁ ናት። ወታደሩ ረጅሟን ከእግር እስከ ራስ ተመለከተና ሸሚዙን የምታጥብለት ልጅ መሆኗን አወቀ መሰለኝ፣ ፈገግ ብሎ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመው። ዞረው መሄድ ጀመሩ።

አስተርጓሚው ወደ ኋላ ቀረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሱ፣ አባቴ» አለና ተከተላቸው።

ነጋዴው በሩን ራሳቸው ዘጉ። ረጅሟን እንደያዙ ተመልሰው ዳሱ ሥር ሲደርሱ ውሃ ጠየቁ። እናትየው ከግድግዳው ሥር ተነሱ። ውሃውን የቀዱት እሳቸው ናቸው። ነጋዴው ጠጥተው እስኪጨርሱ ቆመው ጠበቁ፤ ጣሳውን ከተቀበሉ በኋላ ጎንበስ ብለው የነጋዴውን ትከሻ ሳሙ።  ነጋዴው ወደ እኔ ዞረው ለምን እንዳቆምኩ ጠየቁ። ከበሮውን መታሁ፤ እጄ እስኪላጥ መታሁ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን። አናጢውና ሽማግሌዎቹ ረጅሟን ይዘው በእግር ወደ ዘነበወርቅ ሄዱ። ነጋዴው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኟት፤ ከእናቷ ቀጥሎ ጉልበታቸውን ስማ ነው የሄደችው። የነጋዴው ልጅ በመመለሻችን ላይ አለቀሰች። ቀን ሙሉ ስትዘፍን ስለዋለች ድምፅ አልነበራትም፤ አፏ ይከፈታል፣ ምንም አይሰማም።

ሳምንቱን ሁለታችን ብቻ ስናጥብ ሰነበትን፣ ቅዳሜም መጣ። ልብሱን አስረክበን አለቱ ላይ ተቀመጥን። ሁለት ሆነን ዕቅድ ማውጣት አልቻልንበትም። የነጋዴው ልጅ ስለ ገበያው ጀምራ ተወችው። መጨረሻ ላይ በማግስቱ ሄደን እንያት ተባባልን። ይህንን ዕቅድ ግን ኬላም ዝናብም አላስቀረብንም።

ቤቷ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ ሳር ክዳን ነው። ስንደርስ አናጢው ደጅ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርት ይልጣል። ስላየነው አፍሮ ሽንኩርቱን ከኋላው ደበቀ። ረጅሟ ከውስጥ ሮጣ ወጣች። ሰባት ቀን ያልተያየን ሳይሆን ሰባት ዓመት የተለያየን ይመስል ተንጠላጠልንባት። አመድ በአመድ ሆና ነበር፤ የራሷን ምድጃ ገና አልለመደችውም።

ቤቱ ውስጥ ከአልጋቸው ሌላ ያለው ዕቃ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር፤ ግድግዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞታል። ሳንቃው በደንብ ተልጎ ያበራል። የነጋዴው ልጅ ለሁለት ሰው ይህን የሚያህል ወንበር ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችው። አናጢው አሁንም ያፍረናል፤ መሬት መሬቱን እያየ ነው የመለሰላት።

«ለሁለት ሰው አይደለም» አለ። «እናንተ እሑድ እሑድ መምጣታችሁ አይቀርም ብዬ ነው።»

ሦስታችን ጎን ለጎን ተቀመጥንበት። እግራችንን ብንዘረጋም ቦታ ተረፈ። አናጢው ሽንኩርቱን ከደጅ አምጥቶ ልጦ ጨረሰና ወጡን ጣደ፤ ረጅሟ ልትነሳ ስትል በእጁ ምልክት አስቀመጣት። የነጋዴው ልጅ የሚመጣውን ቅዳሜና እሑድ ማቀድ ጀመረች፤ አናጢውንም ጨምራ። እሱ ኬላው ላይ የሚቆመውን ወታደር ያውቀው ኖሯል። ገበያውን ያየነው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ድስቱ እሷ ባለችን በኩል አልነበረም፤ ጥጡም ሌላ ቦታ ነው። እሷ ግን ቦታውን ቀይረውት ነው እንጂ አልተሳሳትኩም ብላ እስከ ቤታችን ድረስ ተከራከረችን።